ወንድሜ የገባበትን ባሕር ለማየት ስለማደርገው ዝግጅት

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻው የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ ቢሮዎም በደብዳቤዎ ራስጌ ላይ እንደታተመው ዘንባባ ዘወትር የለመለመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት በዳርቻዎ ሰጥሞ የሞተው የፀጉር አስተካካይ ታላቅ እህት ነኝ፤ ሥራዬም መጋረጃ መስፋት ነው። ለቤተሰባችን የላኩት የሐዘን መግለጫ በወቅቱ ደርሶናል፤ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የመጣው «ለሚቀጥለው ጉብኝትዎ» የሚለው የቅናሽ ካርድም እንዲሁ ደርሶናል። በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፣ ብዙም ተደርሶልኛል፤ ቅናሽ ይዞ የመጣ አጽናኝ ግን ከእርስዎ ሌላ አላጋጠመኝም።

የሰጡትን አልቀበልም ማለት ነውር ነውና ካርዱን ለመጠቀምና ከወንድሜ ሚስት ጋር ወደ ዳርቻዎ ለመምጣት ወስኛለሁ። ለጎብኚዎች የሚያድሉት መመሪያ «ከመምጣትዎ በፊት የሚያሳስብዎትን ሁሉ ይጻፉልን፤ መልስ መስጠት ደስታችን ነው» ስለሚል፣ ደስታዎን እንዳልነፍግዎት ብዬ ይህን ጽፌያለሁ። ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ መልስ ሰጥተውኛል፤ ከዚያ በኋላ ለላክኋቸው ግን ዝም ብለዋል። ምናልባት አሽጌ ስለላክኋቸው ለመክፈት ተቸግረው ይሆናል ብዬ ይህኛውን ማንም እንዲያነበው ክፍት ትቼዋለሁ።

ጥያቄዎቼን ከማቅረቤ በፊት እንግዳዎን ላስተዋውቅዎት፤ እርስዎ የተዋወቁት ከሞተ በኋላ ስለሆነ ብዙ ነገር አምልጦዎታል። በሰፈራችን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድመቱ ነው የሚባለው፣ ውሃ ስለሚፈራ። እናታችን ገላውን ልታጥበው ስትነሣ ጣራ ላይ ይወጣባት ነበር። ካደገ፣ ሚስት ካገባና የራሱን ፀጉር ቤት ከከፈተ በኋላም የደንበኛ ራስ የሚያጥበው ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው፤ የሚፈላ ድስት የሚያማስል እንጂ ሰው የሚያጥብ አይመስልም ነበር። ደንበኞቹም «ድመቱ፣ ዛሬም ጆሮዬን ሳሙና አጠጣኸው!» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ ሌላ ፀጉር ቤት ግን አይሄዱም።

በዚያ ፀጉር ቤት የኋላ ግድግዳ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመው ትልቅ ፖስተር ተለጥፎ ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ አንድ የጎበጠ ዘንባባ፣ ከሥሩም «እዚህ የመጣ መመለስ አይፈልግም» የሚል ጽሑፍ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ወደ መስታወቱ ስለሆነ ባሕርዎን የሚያየው በመስታወት ውስጥ፣ በሰው ራስ ላይ አሻግሮ ነበር። አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጠና «ይህን ባሕር ዕድሜ ልኬን በጀርባዬ ተሸክሜው ከምኖር አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ልየው» አለ። ከዚያ በኋላ ጉዞው የእርሱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ከአውቶቡስ ተራ አልፎ የማያውቅ ጫማ ጠጋኝ ስለ ዓሣ ነባሪ ያስጠነቅቀዋል፤ ጡረተኛው አስተማሪ በምን በኩል መቀመጥ እንዳለበት ይመክረዋል። መመሪያዎን ጮክ ብሎ ስላነበበላቸው ግማሽ ጢማቸው የተላጨ ሰዎች ሳይቀሩ በቃላቸው ይወጡት ነበር፦ «ቀይ ባንዲራ ካዩ አይግቡ፤ ባንዲራ ከሌለ ባሕሩ የእርስዎ ነው።» በዓለም ላይ መመሪያዎን እንደ ወንድሜ ያከበረ ጎብኚ ነበረ ቢሉኝ አላምንም።

እዚያ እንደደረሰ ደወለልኝ። «እህትዓለም፣ ዘንባባው እኮ በግራ በኩል ነው! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በቀኝ ነበር የማውቀው!» ብሎ ሳቀ። ከእርሱ የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ይኸው ሳቅ ነው፤ አሁንም መጋረጃ እየሰፋሁ በድንገት ይመጣብኛል፣ ስፌቱም ይጣመምብኛል።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቴ ልመለስ።

አንደኛ፤ የመምጫ ጊዜን በተመለከተ። መመሪያዎ የነፋሱ ወራት ካለፉ በኋላ ያለውን ጊዜ ይመክራል፤ ወንድሜም ምክርዎን አክብሮ በዚያው ጊዜ ነው የመጣው። እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው፤ በዳርቻዎ ሰርግ የማይኖረው መቼ ነው? ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ ቀዩ ባንዲራ ሥዕሉን ያበላሻል ተብሎ ከምሰሶው እንደሚወርድ፣ ፎቶው ሲያልቅ ተመልሶ እንደሚሰቀል፣ ይህም የቆየ አሠራር እንደሆነ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ለወንድሜ ሚስት ነግሯታል። ለሙሽሮች ያለዎትን አሳቢነት አደንቃለሁ። ባሕሩም ፎቶው እስኪያልቅ እንዲታገሥ የተነገረው እንደሆነ ለማወቅ ብጠይቅ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፤ የት ቦታ መቆም እንዳለብን ቢነግሩኝ። ባለፈው ጊዜ ቤተሰባችን የቆመበት ቦታ አልተስማማንም። የወንድሜ ሚስት ጫማውን ይዛ አሸዋው ላይ ነበረች። ከፊት ለፊቷ ሙሽራይቱ ፎቶ ትነሣለች፤ አንድ የጽሕፈት ቤትዎን ካናቴራ የለበሰ ሰው በሁለት እጁ የቀሚሷን ጫፍ ከርጥቡ አሸዋ አንሥቶላታል፣ ብብቱ ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ቀይ ጨርቅ ይዟል። የወንድሜ ሚስትም ጨርቁ የሰርጉ ጌጥ መሰላት። ምሰሶው ላይ ምንም አልነበረም። ወንድሜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እንደ ልማዱ ፈርቶ፣ የዳርቻውን ጥበቃ «ባንዲራ የለም አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ጥበቃውም «ካላየህማ የለም፤ ግባ እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል!» አለው። ሚስቱ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ያወቅሁት ራሷ ደጋግማ ስለነገረችኝ ነው፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ እግርህን ሳታስነካ ልትመለስ ነው?» ብላ ሳቀችበት። ገባ። ጉልበቱ ድረስ እንደገባ ወደ እርሷ ዞሮ፣ ጀግና ሆንኩ እንደማለት እጁን አነሣላት። ከዚያ አሸዋው ከእግሩ ሥር ከዳው።

ባንዲራው የተሰቀለው ሰዎች እየጮኹ ሲሯሯጡ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ «ሠራተኞቻችን በቦታው ሲደርሱ ቀይ ባንዲራው ይውለበለብ ነበር» ብሎ የጻፈው ፍጹም እውነት ነው፤ ሲደርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት እውነት ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ሻንጣ ውስጥ ምን ልያዝ? መመሪያዎ ሰፊ ባርኔጣ፣ ስስ ልብስና የፀሐይ ቅባት ይላል፤ እነዚህን አዘጋጅቻለሁ። ከእነርሱ ሌላ ግን አንድ ቀይ ባንዲራ ሰፍቻለሁ። ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ጠርዙም እጥፍ ስፌት ነው፣ ነፋስ አይተረትረውም። በማንም ሰው ብብት ሥር እንዳይያዝ በጣም ትልቅ አድርጌዋለሁ። ሌሎች እንግዶች ከዳርቻዎ ዛጎል ለቅመው ማስታወሻ ይወስዳሉ፤ እኛ ግን ሰው ትተን ስለሄድን ማስታወሻ ማምጣት ያለብን እኛ ነን። በመግቢያው ላይ ሻንጣዬ ቢፈተሽ ባንዲራው ለጽሕፈት ቤትዎ ያመጣሁት ስጦታ መሆኑን ለፈታሾቹ አስቀድመው ቢያሳስቡልኝ።

አራተኛ፤ የላኩልንን የአስተያየት መጠይቅ በከፊል ሞልቼዋለሁ። «ሠራተኞቻችን ፈጣን ነበሩ ወይ?» ለሚለው፣ ባንዲራ ለመስቀል አዎን ብያለሁ። «ለወዳጅዎ ይመክሩታል?» የሚለውን እያሰብኩበት ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ወንድሜ ሚስት ነው፤ ቀልዴን እዚህ ላይ ለጊዜው ላቁም። ይህች ሴት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ድምፅዋ ከክላክሱ ቀድሞ ይሰማ ነበር። ከባሕሩ የተመለሰችው ልቧ ተሰብሮ ነው፣ ግን ያየችውን ታውቅ ነበር፤ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ባንዲራ አልነበረም» ትል ነበር። ከዚያ ማኅተም ያረፈበት መልስዎ መጣ። «ጎብኚው የቀይ ባንዲራውን ማስጠንቀቂያ ችላ በማለት በራሱ ፈቃድ ገብቷል፤ ባለቤቱም ከደረሰባት ሐዘን የተነሣ ያየችውን በትክክል ልታስታውስ አትችልም» ይላል። ድመቱ ማስጠንቀቂያ ችላ አለ! የሚንጠባጠብ ቧንቧ አጠገብ የማያልፍ ሰው! እኔ አነበብኩትና ተናደድኩ። እርሷ ግን አነበበችውና አመነችው። ማኅተም ያለው ወረቀት ከዓይኗ በለጠባት። «አላየሁት ይሆናል» አለች መጀመሪያ፤ ቆየችና «ተሰቅሎ እያለ ነው ግባ ያልኩት» አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራ አትሄድም፤ ፀጉር ቤቱ መጥታ እርሱ ደንበኞቹን ያስቀምጥበት በነበረው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የወንድሜ የሥራ ባልደረባ እንዳታየው ብሎ ፖስተርዎን በፎጣ ሸፍኖታል። ሰላም ስንላት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ቃል ከአፏ አይወጣም።

ወንድሜን ባሕሩ ወሰደብን፤ ባሕር ምን ይባላል? ሚስቱን ግን የወሰዱብን እርስዎ ነዎት፣ በቢሮዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ማንም ከሥራው እንዲባረር አልጠየቅሁም። የምጠይቀው «ባንዲራው በዚያ ሰዓት ወርዶ ነበር» የሚል አንድ መስመር በዚያው ማኅተም ተመትቶ እንዲላክላት ነው። ማኅተምዎን ከዓይኗ ይልቅ ስለምታምነው ከሌላ ሰው ቢመጣላት አይጠቅማትም።

በመጨረሻም ስለ ሐዘን መግለጫዎ፣ ስለ ቅናሽ ካርድዎ፣ ሐዘን የደረሰባቸው ሴቶች ዓይናቸው እንደማያይ ስላሳወቁን፣ እንዲሁም የሙሽሮችን ፎቶ ከማንኛውም ቀይ ነገር ስለሚጠብቁልን ምስጋናዬ ይድረስዎት። ልጆችዎ በዳርቻዎ ሲዋኙ ሰርግ የሌለበት ቀን ይግጠማቸው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ እንኳን የእርስዎን የጠላቴንም ልጅ ባሕር እንዲወስደው አልመኝም።

በታላቅ አክብሮትና ሻንጣዬን አዘጋጅቼ መልስዎን የምጠብቅ፣
የዳርቻዎ የወደፊት እንግዳ፣
መጋረጃ ሰፊዋ የድመቱ እህት።

ከፈረምኩ በኋላ የታከለ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ጽሕፈት ቤትዎ ለንግድ ቤቶች የሚያድለው የአዲሱ ወቅት ፖስተር ፀጉር ቤቱ ደረሰ። የወንድሜ ባልደረባ ሊጥለው ከፍቶት ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ሲያየው መላጫውን እንደያዘ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሙሽራ በጣም ታምራለች፤ እንኳን ደስ ያላት። ከጀርባዋ ባዶ ምሰሶ ቆሟል። የቀሚሷን ጫፍ ያነሣላት ሰው ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ቀይ ጨርቅ አለ። ከእርሱም ራቅ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ አንድ ሰው ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን አንሥቷል። ማኅተምዎም ከታች በኩል በጥራት ታትሟል፤ የለመንኩትን ይህ ደብዳቤ ሳይደርስዎት ስለፈጸሙልኝ አመሰግናለሁ። ፎጣውን አንሥተን አዲሱን በአሮጌው ቦታ ለጠፍነውና የወንድሜን ሚስት ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው አዞርናት። ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ጣቷን ምሰሶው ላይ አድርጋ «የለም!» አለች፤ በዚያ በአውቶቡስ ድምፅዋ፣ ጫማ ጠጋኙ ከመንገድ ማዶ ቀና እስኪል ድረስ። ጉዟችን እንደተጠበቀ ነው፤ ፖስተሩንም ይዘን እንመጣለን። እስከዚያው ግን ከሥዕሉ ሥር ያለውን «እዚህ የመጣ መመለስ አይፈልግም» የሚለውን ጽሑፍ ቢያርሙት መልካም ነው። ወንድሜ መመለስ ይፈልግ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት የቀጠራቸው ደንበኞች ነበሩት።