ስቱኮ ያልያዘው ግድግዳ

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ልብህ እንዳይሞቅ። «ጋሼ»ም ቢሆን ከአፌ አልወጣ ብሎ ነው። አንቱ ስልህ የኖርኩትን ሰው ዛሬ አንተ እያልኩ የምጽፍልህ ከንዴት ነው፣ ከመርሳት እንዳይመስልህ። አጎትህ ትናንት መልእክትህን ይዘው መጥተው ነበር። መልሱ በሰው አፍ ተጣሞ እንዳይደርስህ ራሴው ልጻፈው ብዬ ነው።

አሸዋ ተሸክሜ ስውል ሸክሙን ከጀርባዬ ያወረድክልኝ አንተ ነህ። የስቱኮ መቀቢያውን ስፓቱላ አስጨበጥከኝ፤ ጂፕሰም ቦርድ መግጠም፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ መድፈን አስተማርከኝ። ሠራተኛው ሁሉ «ውሃ ልክ» ይልህ ነበር፤ መለኪያ ሳትይዝ የግድግዳውን መዝመም በዓይንህ ስለምታውቅ። እህቴን እታለምን ስታገባት ከእሷ ይበልጥ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ። ታላቅ እህት ነበረችኝ፣ አሁን ደግሞ ታላቅ ወንድም ተጨመረልኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። እወድህ ነበር፣ ጋሼ። ይሄን ሳልጽፍ የቀረውን ብጽፈው ዋጋ የለውም።

የዚያን ቀን ደወልክልኝ። «እስቲ ና፣ ይሄ ስቱኮ አልይዝ ብሎ አናቴ ላይ ወጥቷል» አልከኝ። እናታችን ልትጠይቃችሁ ልትመጣ ስለነበር መኝታ ቤቱን ልታስተካክልላት ፈልገሃል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ውሃ ልክ በስቱኮ ተሸነፈ! ይሄን ለሠራተኛው ሳልነግር አላድርም» አልኩህ። አንተም ሳቅክ።

በሩን የከፈተችልኝ እታለም ነበረች። ሻሽ አስራለች፣ ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ አለችልኝ። አልጠረጠርኩም። ከአልጋው ራስጌ አጠገብ የሰሃን ስፋት ያለው የግድግዳ ቦታ ተሰብሮ በቁራጭ ቦርድ ደፍነኸዋል። ስቱኮው ግን ዳር ዳሩን እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሥቶ ተንጠልጥሏል።

«ምን ነካው?»

«በሩ ሲወረወር መታው። ስቱኮው ነው ችግሩ፣ ጆንያው ቆይቷል» አልክ።

ከጆንያው እፍኝ በጥብጬ ትርፍራፊ ቦርድ ላይ ቀባሁት፤ ነክሶ ያዘ። ስቱኮው ጤነኛ ነው። አቧራ ይሆናል ብዬ በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግኩና ደግሜ ቀባሁ፤ ተንሸራቶ ወረደ። እርጥበት እንዳልል ግድግዳው ደረቅ ነው። አቅጥነኸው ይሆናል ብዬ አወፈርኩት፤ እሱም አልሆነም። የሚገርመው አዲሱ ቁራጭ ላይ ይይዛል፤ የሚላጠው ዙሪያውን ካለው ከአሮጌው ቦርድ ላይ ነው። አንተ ከኋላዬ ቆመህ «አላልኩህም? መተት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» እያልክ ትስቃለህ።

ያኔ አንተው እንዳስተማርከኝ መዳፌን አሮጌው ቦርድ ላይ አሳለፍኩ። ወዛም ነው። ቀለሙን በስፓቱላው ጫፍ ፋቅ ሳደርገው ቦርዱን የሸፈነው ወረቀት ቅባት ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። ጣቴን አሸተትኩት። የእታለም የፀጉር ቅባት ነው። ልጅ ሆኜ ስታዝለኝ ማጅራቷ ላይ ተለጥፌ ያደግኩበት ሽታ ነው፤ እንዴት ይጠፋኛል? በአንድ ቀን ግጭት ደግሞ ወረቀት እንዲህ አይጠጣም። በሩ ያለው በማዶኛው ግድግዳ በኩል ነው፤ እጀታውም ከወገቤ አያልፍም። ቀዳዳው በእታለም ጭንቅላት ቁመት ነው።

ሌላ ሰው ቤት ቢሆን በአንድ እይታ ትለየው ነበር። «ቅባት የጠጣ ቦርድ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ አይለጠፍበትም» እያልክ ስንቱን ተለማማጅ ሰድበሃል! እጅህ የሠራውን ዓይንህ ማየት አልፈለገም። አልፈህ ተርፈህ ችግሩን መርምርልኝ ብለህ የገዛ ወንድሟን ጠራህ።

ዞር ስል እታለም በሩ ላይ ቆማለች።

«እታለም፣ ሻሹን ፍቺው።»

«ተው የኔ ወንድም፣ ሥራህን ጨርስና ሂድ።»

«ፍቺው አልኩሽ!»

«በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረገህ?» አልክ አንተ። ሳቅህ ጠፍቷል።

ፈታችው። ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ተላጭቶ ቁስሉ በስፌት ተያይዟል። ከሱ በታች የዳነ ጠባሳ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ፤ ግን ከእኔ አፍ ስማው። የስቱኮውን ባልዲ ፊትህ ላይ አሳረፍኩት። ጥርስህ ረገፈ፣ ነጩ ዱቄት ላይ ደምህ ተረጨ። አንተም ቀላል አልነበርክም፤ ጆሮዬን በቀረህ ጥርስ ነክሰህ ቆርጠኸዋል፣ እስካሁን ጎዶሎ ነው። ፀጉርህን ጨብጬ ጭንቅላትህን ከዚያው ቦታ አጋጨሁት። አንዴ። ደግሜ። የደፈንከው ቁራጭ ወደ ውስጥ ገባ። ድምፁን ሰማሁት፤ ባዶ ሳጥን ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው። ለካ እሷ ስትሰማው የኖረችው ይሄን ነው ስል ባሰብኝ። ወለሉ ላይ ስትዘረር ቀኝ እጅህን በጫማዬ ረገጥኩት። ጣቶችህ ቀጭ ቀጭ እያሉ ሲሰበሩ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ሙያ ያስጨበጠኝ እጅ መሆኑን እያወቅኩ ነው የረገጥኩት። ስፓቱላውን ጉሮሮህ ላይ ሳኖረው ያዳነችህ እሷ ናት። «በሱ ምክንያት እስር ቤት ልትገባብኝ ነው? እኔስ ማን አለኝ?» ብላ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። እሷ ባትኖር ይሄን ደብዳቤ የሚቀበል ሰው አይኖርም ነበር።

አሁን እኔ ቤት ናት። እናታችንም ወደዚሁ መጣች። ትናንት አጎትህ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። እጅህ በጀሶ እንደታሰረ፣ እኔንም ይቅር እንዳልከኝ ነገሩን። እግዜር ይስጥልኝ! ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ተጸጽቷል፣ ልጄ። ግድግዳውንም በሰው አስቀይሮታል። አዲስ ቦርድ ነው፣ ስቱኮውም አምሮበት ይዟል፤ ምንም የተፈጠረ አይመስልም። ቤትሽ ይጠብቅሻል» አሏት።

እናታችን ወለል ወለሉን እያየች «ሰው እኮ ይለወጣል» አለች።

እታለም ከገመድ ላይ ያወረደችውን ልብስ ታጥፋለች። አንዱን አጥፋ ይዛው የመጣችው ሻንጣ ውስጥ ስታስቀምጥ ልትመለስልህ ነው አልኩ። ለካ እኛ ሳናውቅ ስንቴ ጎረቤት አድራ፣ እንዲሁ ልብሷን አጥፋ ተመልሳልሃለች። አሁንም ከተመለሰች ሬሳዋን የማነሣው እኔ ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«አዲሱ ቦርድ የት ጋ ነው የተገጠመው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ያው እዚያው ነዋ፣ ራስጌው ጋ።»

«ለየትኛው ጭንቅላት?»

አጎትህ ለመሄድ ተነሡ። ባርኔጣቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ እጃቸው ላይ ነበር። እናታችን ተነሥታ ልብሱን ከሻንጣው አወጣችና ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፋችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ይለወጣል አላለችም።

መልሱ ይሄው ነው። ሰው አትላክ። እጅህ እንዲድን እመኛለሁ፣ ከልቤ ነው፤ ሙያህ ያሳዝነኛል። ግን ድኖ የቤቴን በር ያንኳኳ ዕለት፣ ክንዴ ላይ የሚንጠለጠል ሰው እንደሌለ አድርገህ ቁጠር። ስፓቱላህ እኔ ጋ ቀርቷል፤ አልመልስልህም።

ድሮ ሥራ ራቅ አድርጎኝ ስጽፍልህ መጨረሻው ላይ «የሚስትህ ወንድም» ብዬ ነበር የምፈርመው።

የእህቴ ወንድም