የካታዬ መጨረሻ

ነሐሴ 20፣ ሰኞ። ከፋብሪካ ፈረቃ መልስ።

ፀጉሬ ውስጥ ጥጥ። ምሳ ሳልበላ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ከደቅ ደሴት እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ለማየት። ቀዘፋው ከክንድ አይደለም፤ ከወገብ ነው! እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁም? አንዱን ቀዛፊ እስቲ ልሞክር አልሁት። ሳቀብኝ፣ ግን ሰጠኝ። ታንኳው እዚያው ዞረ፣ እኔም ረጠብሁ።

ለምን እንደምለፋ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ተስፋዬ ካራቴ የባዕድ ነው ብሏል። ለአብዮት በዓል ከራሳችን አገር እንቅስቃሴ የተቀናበረ ካታ መድረክ ላይ ካላቀረብሁ የምንለማመድበት አዳራሽ ለውይይት ክበብ ይሰጣል። አሰልጣኛችን ከተዛወረ ወዲህ ልጃገረዶቹን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ የለንም።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ። ማለዳ።

የቀርከሃ በትር ይዣለሁ። ቀኝ ቀዘፋ፣ መከላከል። ግራ ቀዘፋ፣ መከላከል። ያምራል! እግሬ ግን ሞቷል። ቀዛፊ ቁጭ ብሎ ነው የሚቀዝፈው። ቁጭ ብሎ የሚዋጋ ማን አለ? ምን ይሻለኛል?

ነሐሴ 26፣ እሑድ።

አገኘሁ! ማኅሌቱ ሳያልቅ ቤተ ክርስቲያን ደረስሁ። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ከሴቶች በኩል ሆኜ ሲያሸበሽቡ ሳያቸው ነው ያደግሁት። እግራቸውን ግን አይቼው አላውቅም። ዛሬ እሱን ብቻ አየሁ። ጸሎት አላደረስሁም፣ ይቅር ይበለኝ። ሽማግሌ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ጉልበቱ የማይከዳው ለምን ይሆን? ክብደቱ አንድ እግር ላይ አይቆይም። መቋሚያው ከፍ ሲል ይሄዳል፣ ዝቅ ሲል ይመለሳል። ቤት ገብቼ በመጥረጊያ እንጨት ሞከርሁት። ካታዬ እግር አወጣ።

ጳጉሜ 1፣ ዓርብ። ከልምምድ በኋላ።

ጉድ ፈላ። መሃል ላይ ስደርስ አዳራሽ የሚጠርጉት እትዬ ዘነቡ መጥረጊያቸውን ጥለው እልልታቸውን አቀለጡት። ጥምቀት የመጣ መስሏቸው! ጓድ ተስፋዬ ምንድን ነው አለ። የታንኳ ቀዘፋ ነው አልሁ። የሐይቅ ሰው ስላልሆነ አመነ። ደግሞስ ግማሹ እውነት አይደል?

የካታው መጨረሻ ላልቷል አለ ጓድ ተስፋዬ። ገለባ የታጨቀ ጆንያ ያቆማሉ፣ «ኢምፔሪያሊዝም» ተብሎ ይጻፍበታል፣ እኔ በበትር እጥለዋለሁ። ደስ አለኝ። መምታት እወዳለሁ፣ ምን ልዋሽህ።

ጳጉሜ 3፣ እሑድ።

እትዬ ዘነቡ ለአባባ ነግረዋል። ጠሩኝ። ይረግሙኛል ብዬ እየፈራሁ ሄድሁ። እስቲ አሳዪኝ አሉና የገዛ መቋሚያቸውን ሰጡኝ። ግቢው ጭቃ ላይ ጀመርሁ። እርምጃውን ስሠራ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። መጨረሻው ላይ አየሩን በሙሉ ኃይሌ ስመታ እጃቸውን ዘርግተው መቋሚያውን ተቀበሉኝ።

«ይኸን ከወጣትነቴ ጀምሬ ይዠ ቁሜአለሁ። ሲደክመኝ ተደግፌበታለሁ። ሰው አልመታሁበትም፣ ልጄ።»

ይኸው ብቻ። ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። አለቀስሁ።

ጳጉሜ 4፣ ሰኞ።

በቀርከሃው ልምታ? በትሩ ቢለወጥም እርምጃው የእሳቸው ነው። ካልመታሁ አዳራሹ ሄደ፣ ልጃገረዶቹም ወደየቤታቸው። ተናደድሁ። በአባባም፣ በጓድ ተስፋዬም፣ በራሴም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የተማርኋቸው ካታዎች መጨረሻቸው ሁሉ ምት ነው። ከምቱ በኋላ የመታው ሰው ምን ያደርጋል? ይደክመዋላ! ሞከርሁት። ጆንያው የሚቆምበት ደረስሁ፣ በትሩን አነሣሁ፣ አወረድሁ፣ ብብቴ ሥር አድርጌ ተደገፍሁ። ቆምሁ። ትንፋሽ ብቻ። ሰውነቴ በቃ አለ።

መስከረም 2፣ ሐሙስ። ከመድረክ ጀርባ።

ማርሽ ባንዱ ይነፋል። ልጃገረዶቹ ነጭ ለብሰው ጥፍራቸውን ይበላሉ። ጆንያው ቆሟል፤ ጢም ሥለውለታል። ጓድ ተስፋዬ መጥቶ በኃይል ምቺው አለኝ።

ጠዋት ስነሣ የአባባ መቋሚያ የክፍሌ በር ላይ ተደግፎ አገኘሁት። እሳቸው ወጥተዋል፣ ባዶ እጃቸውን። መጨረሻውን እንደለወጥሁት አልነገርኋቸውም። አልጠየቁኝምም። አሁን በእጄ ይዤዋለሁ፤ የሚይዙበት ቦታ ለስልሷል።

አዳራሹን ይውሰዱት። ሐይቁ ዳር ሜዳ አለ፣ ጭቃም ቢሆን።

ስሜን ጠሩ። ጆንያው አይወድቅም።