አሥራ ስድስት ደቂቃ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃው ላይ ቆመሽ ትራገሚያለሽ? አባዬስ ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር ሲፈልግ መዋሉን አልተወም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኛል። በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ ምሳ ምን በላሽ ብለሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ሥራዬ ኮከብ ቆጠራ እንዳልሆነ ለጎረቤቶችሽ አስረጅልኝ። እኛ የምንፈልገው በሩቅ ኮከቦች ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን ነው። ፕላኔቷ ራሷ አትታይም፤ ግን በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቧ ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ዞራ ስትመጣ እንደገና ይቀንሳል። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን አስልተን፣ በዚህ ሰዓት ትመጣለች ብለን እንጠብቃታለን።

አምና ሁለት ጊዜ አገኘሁ ብዬ ሁለት ጊዜ እንዳፈርኩ ታውቂያለሽ። በአንደኛዋ ሁለት ኮከቦች እርስ በርስ እየተጋረዱ አታለሉኝ፤ ሌላዋ የካሜራው ጉድለት ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ አብሳሪዋ ነው የሚሉኝ። ሁለቱንም ያፈረሰብኝ ያ በየደብዳቤው የማማልሽ ጠርጣሪው ነው። የተቀጠረውም ለዚሁ ነው፤ እኛ አገኘን ያልነውን ሁሉ መርምሮ ለማፍረስ። ሦስተኛዋን ሳቀርብ አለቃችን፣ ይቺም ከወደቀች ከፍለጋው ቡድን ወጥተሽ ሪፖርት ማጠናቀር ትገቢያለሽ አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም። እማዬ፣ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ቴሌስኮፑ ያለው ከምድር ማዶ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲነጋ እዚያ ይመሻል። ስለዚህ ሻያችንን ይዘን በስክሪን ነው የምናየው። በየደቂቃው አንዲት ነጥብ ትጨመራለች፤ ነጥቦቹ ቁልቁል ከወረዱ ፕላኔቷ መጣች ማለት ነው። አራት ሰዓት ላይ ትገባለች ብዬ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አራት ከአምስትም ያው። ሰው ወንበሩን እየገፋ መነሳት ጀመረ። አንዲት ባልደረባዬ እጄን ያዝ አድርጋ አይዞሽ ስትለኝ ነው እንባዬ የመጣው። አለቃም ሌሎች ኮከቦች ተራ እየጠበቁ ነው፣ ቴሌስኮፑ ይዙር አሉ።

ይሄኔ ጠርጣሪው የስሌት ወረቀቴን ይዞ ከጥግ ተነሳ። ደግሞ ምን ሊያወጣብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ስሌታችን የሚሠራው ፀሐይ ላይ ቆመን እንደምናይ ተደርጎ ነው፤ ምድር ግን ፀሐይን ስለምትዞር የኮከቧ ብርሃን እንደ ወሩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። እሱ እንዳገኘው፣ በዚህ ወር ስምንት ደቂቃ መጨመር ሲገባኝ ቀንሼዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያፍርበታል። ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት ነው፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡ ብሎ አለቃን ለመነልኝ። ቀበሮ ለበግ ጠበቃ ሲቆም ማን አይቶ ያውቃል? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃም እየሳቁ ፈቀዱ።

ሌላው ሻይ ሊጨምር ሲወጣ ሁለታችን ቀረን። የመጀመሪያዋን ፕላኔቴን ያፈረሰ ዕለት እህል ሳይቀምስ እንደዋለ ነገረኝ። የዛሬዋን ኮከብ አራት ጊዜ መርምሮ እንከን ሲያጣባት ደስ ብሎት ነበር፤ ግን ይህን ለእኔ መንገር ከሥራው ጋር አይሄድም። የሰዓቱን ስሌት ያየው ገና ዛሬ ነው፤ ወረቀቱን ያነሳውም ማልቀሴን አይቶ ነው አለኝ። ከዚያ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ሰጠኝ። በላሁለት፣ ምን ላድርግ።

አራት ከአሥራ ስድስት ላይ አንዲት ነጥብ ዝቅ አለች። አንድ ነጥብ ማስረጃ አይሆንም አለኝ፤ ወንበሩን ግን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ሁለተኛዋ ወረደች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። እማዬ፣ ቢሮ መሃል እልል አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ምን ሆነች ብላ ሮጣ ገባች፤ ነገሩ ሲገባት እሷም ተቀበለችኝ። አለቃ ሻያቸውን ሸሚዛቸው ላይ ደፍተው ጨበጡኝና ለሪፖርቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አሉ። ፕላኔቷ ከምድር አሥር እጥፍ ትሰፋለች፤ ኮከቧን በዘጠኝ ቀን ትዞራለች፤ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። ማንም አይኖርባትም፤ ግን አለች፣ ያገኘኋትም እኔ ነኝ።

በመጪው ወር ዕረፍት እወጣለሁ፤ እንግዳም ይዤ እመጣለሁ። አባዬ ትንሿን ክፍል ከጋዜጣው ያጽዳልኝ፤ ትርፍ ፍራሹንም ፀሐይ አስመቺው። ጥሬ ሽንኩርት አይወድም እንጂ ሌላው ሁሉ ይስማማዋል። ስለ ልጅነቴ የምትነግሪውን ሁሉ ማስረጃ ይጠይቅሻልና ፎቶዎቹን አዘጋጂ። ከአባዬም ጋር ለብቻው የሚነጋገረው ጉዳይ እንዳለው ነግሮኛል፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ እኔን ደስ እንዳለኝ አንቺንም ደስ ይበልሽ። አባዬ ግን ነገር ሲጠየቅ ላስብበት ማለት ይወዳልና፣ መልሱን ከወዲሁ አስጠኚልኝ።

የምትወድሽ የመጨረሻ ልጅሽ