ሆዴን አመማት

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጥር 9 ቀን
ከሱቄ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? የእጅሽ ቁስል ዳነልሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ ሸሚዜም ንጹሕ ነው፤ ሁለቱን የዘወትር ጥያቄዎችሽን በዚሁ መልሼልሻለሁ። ሦስተኛው ግን ከበድ ይላል። ባለፈው በስልክ፣ "እውነቱን ንገረኝ፤ ሥራዬን ትቼ ልምጣ ወይስ ልቆይ?" ስትይኝ መስመሩ አልተቋረጠም። እኔው ነኝ የዘጋሁት። ድምፄ ሊያሳብቅብኝ ሆነ፤ ልጅቷም ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነበር። የሥራ ባልደረባሽ ከእረፍቷ ወዳለሽበት አገር ስትመለስ ደብዳቤ አደርሳለሁ ስላለችኝ፣ ይኸው ሁሉንም ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ልጃችን፣ ያቺ የአራት ዓመት አለቃዬ፣ ከታመመች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። "ትንሽ ጉንፋን ነው" ያልኩሽ ይሄንኑ ነው። ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳባታል፣ ጠዋት ይተዋታል። "ሆዴን አመማት" ትላለች። እኔም "አመመኝ በይ እንጂ" እያልኩ አርማታለሁ፤ የሰዋስው መምህር ሆኜልሻለሁ።

ለሐኪሞቹም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ ሆዷን ያማታል። ሰገራ መረመሩ፣ ደም ቀዱ፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አዩ፤ ምንም የለም። የትል መድኃኒት ሰጡን፤ ለውጥ የለም። እህቴ ደግሞ ጠንቁ ወተት ነው ብላ ፈረደችና ወተት ከለከልናት። ቀጥሎ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ እንቁላል። ልጅቷ በእኛ እውቀት ብዛት ከሳች። አንድ ቀን ሳህኗን አየት አደረገችና "አባዬ፣ ውሃስ ይፈቀዳል?" አለችኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "እዘለኝ" ማለት አመጣች። ቅብጠት መሰለኝ። አንድ ቀን ሱቅ የምከፍትበት ሰዓት አልፎብኝ፣ እግር የሌለሽ ይመስል ምን ያስቀምጥሻል ብዬ ጮህኩባት። ግድግዳውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች። አላለቀሰችም። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሰኞ ዕለት ሌላ ሐኪም ዘንድ ገባን። ወጣት ሴት ናት፣ የማትቸኩል። ልጅቷን የት ጋ እንደሚያማት ስትጠይቃት እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ "ሆዷን" አልኩ። እርስዎን አልጠየቅኩም አለችኝ። ልጅቷም "ሆዴን አመማት" አለች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ሆዴ ማናት?"

"እኔ ነኛ።"

"ማነው እንደዚያ ብሎ የሚጠራሽ?"

"እማዬ ናት። ስልኩ ሲዘጋ ግን የሚጠራት የለም፤ እኔው እጠራታለሁ።"

"ታዲያ ሆዴን የት ጋ ነው የሚያማት?"

እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ደንበኛ "ባትሪው ነው" ሲለኝ አምኜ አላውቅም፤ ክዳኑን ከፍቼ ነው የማየው። የገዛ ልጄን ግን ሳልከፍት፣ ያውም ቃሏን አጣምሜ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከደጅ ደጅ አዞርኳት። ከተወለደች ጀምሮ "ሆዴ" ስትያት ስሰማ የኖርኩ ሰው! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ለራሷ እንደምትለው እንኳ አልሰማሁም ነበር። በጣም አዘንኩ የኔ ዓለም፣ በራሴም አፈርኩ።

ጉልበቷ አብጧል፤ ሌላኛውም ጀምሮታል። ምክንያቱን ግን ገና አላወቁትም። ሐኪሟ እቅጩን ነገረችኝ፤ ቶሎ የሚድን ነገር ሊሆን ይችላል፣ ዓመታት የሚከተላት ነገርም ሊሆን ይችላል፣ አሁን አላውቅም አለች። አላውቅም የሚል ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? በወሩ መጨረሻ አስተኝተዋት ከጉልበቷ ፈሳሽ ይቀዳሉ። አጠገቧ ወላጅ ይኑር ተብሏል። መርፌ ሳይ እንደምወድቅ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም እቆማለሁ።

ወተቷ ተመልሶላታል። ጠዋት አዝዬ አወርዳታለሁ። ስለዚያ ቀን ጩኸቴ ይቅርታ ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና "እሺ፣ ግን ቀስ ብለህ ውረድ" አለችኝ።

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ። እጅሽን ከቁስል፣ ልብሽን ከክፉ ሐሳብ ያሳርፍልሽ፤ የሞላ እንቅልፍ ይስጥሽ።

ይህን ወረቀት ስጀምር "አትምጪ፣ እኔ እበቃለሁ" ልልሽ ነበር። ውልሽ ሰባት ወር እንደሚቀረው አውቃለሁ፤ ቦታሽን እንደማይጠብቁልሽም አውቃለሁ። አሁን ከላይ እስከ ታች ሳነበው አንድም ቦታ አትምጪ አላልኩም። ልጨምረው እስክሪብቶ አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲሁ ይድረስሽ።

ያንቺው፣
የልጅሽ አባት