ፍሪዘር ውስጥ የቀረው ደምህ

ጀማልዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ጤና ይጠይቃል፤ እኔ ምን ልጠይቅህ? ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሞላ። የልጃችን የሐያት የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ወንድምህ ኑሪ የስፌት መኪናህን ወስዷል፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ያለው ሱቅህ አሁን የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። እኔ ደህና አይደለሁም። ለሰው አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ አንተን ግን አልዋሽህም።

ሕመሙ የጀመረህ ሰሞን ላይኛው ሆድህን ይዞ ወደ ጀርባህ ይወጋህ ነበር። ሱሪህም ሰፍቶህ ነበር። ልብስ ሰፊው ባሌ የራሱን ሱሪ ማጥበብ ጀመረ እያልኩ አሾፍኩብህ። ጋአን ሊባህ ሰፈር የምሠራበት ክሊኒክ ወስጄህ፣ ላብራቶሪ ውስጥ በገዛ እጄ ደምህን ቀድቼ፣ ታይፎይድ ነው አልኩህ። እዚህ ሆዱን ያመመው ሁሉ ወይ ታይፎይድ ነው ወይ ጨጓራ፤ እኔም ከዚያ አላለፍኩም። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ጨረስክ። የቆሽት ካንሰር መሆኑን ያወቅነው ዓይንህ ቢጫ ሲሆን ነው፤ ያኔ ጉበትህ ጋ ደርሶ ነበር። ቆሽት ለእኛ ስንናደድ የሚያር ነገር እንጂ የት እንዳለ እንኳ አስበን አናውቅም ነበር።

ከሞትክ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ካንሰሩ በእኔ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶችን ደም ውስጥ ይለቃል። እነሱ ቀድመው ጉበት ይደርሱና ቦታ ያመቻቹለታል ይላሉ። መሰራጨቱን የሚያሳብቅ ምልክት እነዚያ ከረጢቶች ውስጥ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህን ባነበብኩ ሳምንት የመጀመሪያውን ቀን ደምህን የክሊኒኩ ፍሪዘር ጥግ አገኘሁት። ምርመራውን እደግማለሁ ብዬ አስቀምጬ የረሳሁት ነው። ስምህ በእኔ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት። ያን ቀን ታይፎይድ ነው ስልህ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ነበር ወይስ ገና ነበር? ተሰራጭቶ ከነበረ እኔ አልገደልኩህም ማለት ነው። ውጭ አገር ላለ ላብራቶሪ ጻፍኩ። በትሕትና መለሱልኝ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሲቀልጥ የኖረ ደም አይሆንም አሉ። ደህና ቢሆን እንኳ ምልክቶቹ ገና በጥናት ላይ ስለሆኑ፣ ስለ አንድ ሰው እርግጡን አይናገሩም። ወረቀቱን አትሜ ብዙ ጊዜ አነበብኩት፣ ሌላ ነገር ግን አልተጻፈበትም።

ባለፈው ሐሙስ ፍሪዘሩ ተጸዳ። ያረጀ ናሙና ከቆሻሻው ጋር ይቃጠላል፤ የስንቱን ሰው ደም ጥያለሁ። ያንተን አልቻልኩም። ከሰው አካል የወጣ ይቀበራል ተብለን አይደል ያደግነው? ደንቡን ጥሼ በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁና ግቢያችን ውስጥ ቆፍሬ ቀበርኩት። አንተን ወንዶቹ ሲቀብሩህ እኔ ቤት ነበርኩ፤ ይህን ግን በእጄ አፈር አለበስኩት። ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። አሁን ማንንም የምጠይቀው ነገር የለኝም፣ ይህ ደግሞ ይብሳል።

ሆዱን አሞት የከሳ ሰው ሲመጣ አልትራሳውንድ ተነሳ እለዋለሁ። አብዛኞቹ እሺ ብለው የጨጓራ መድኃኒት ገዝተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ጀማልዬ፣ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅህ። እንዳልረሳህ ቃል ልገባልህ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን ብፈልግስ እንዴት አድርጌ እረሳሃለሁ? ነገም ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ ፊቴ ይቀመጥና፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አምኖኝ ክንዱን ይሰጠኛል።