የላይኛው ሳህን

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ባንቺአየሁ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ቤትዎን አሸጉት። በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጥፈዋል። ዕቃዎ ሁሉ ውስጥ ነው፤ የተነካ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ ወንድምዎን መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን ሊያስታምሙ ወደ ደቅ ደሴት ከተሻገሩ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ከርሟል። የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ኃላፊ ጓድ አምሐ፣ ነዋሪው ጥሎት የሄደ ቤት ቤት ለሌለው ይሰጣል ይላሉ። ተራ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። እኔም በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤትዎ ነኝና አስታማሚ መሆንዎን አስረዳኋቸው። «ማስታመም ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ። መሄዳቸውን አይተናል፤ መመለሳቸውን ማን ያውቃል?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቤት ፈላጊው በየቀኑ በራቸው ላይ ስለሚቆም ነው።

ፊደሉን ጎላ አድርጌ የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ደብዳቤ ለሚያነብልዎ ዲያቆን አይስጡት፤ እሱ ጿሚ ነው፣ ደብዳቤው ደግሞ ግማሹ የምግብ ወሬ ነው።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ምሳዬን ራሴ እቋጥራለሁ። ማታ ሽሮውን ጠበቅ አድርጌ እሠራለሁ። ጠዋት ከምሳ ዕቃው ሥር እንጀራ አነጥፍና ወጡን መካከሉ ላይ አድርጌ ጠርዙን እንደ ሕፃን መጠቅለያ አጥፌ እሸፍነዋለሁ፤ የሚፈሰውን እንጀራው እንዲጠጣው። ክዳኑን በጨርቅ አስሬ ብስክሌቱ መጫኛ ላይ በጎማ ላስቲክ አጠላልፈዋለሁ። ሁሉንም እርስዎ እንዳሳዩኝ ነው የማደርገው። የእርስዎ አይፈስም ነበር፤ የእኔ ይፈሳል።

ከደሴ መጥቼ በእንጨት ሥራ ድርጅቱ የተቀጠርሁ ሰሞን ምሳ ለመብላት ዓባይን ተሻግሬ ቤት እመጣ ነበር። መምጣቱ ደህና ነው። ስመለስ የጣና ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥመኝና ደወሉ ከተደወለ በኋላ እደርሳለሁ። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው መሰናበት ነበር። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኜ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ስጎርስ እርስዎ አዩኝ።

«ምነው፣ ፈረስ ነህ ቆመህ የምትበላ?»

«ሰዓት የለኝም እትዬ።»

«ሰዓት ከሌለህ ይዘኸው አትሄድም? ብስክሌቱ አንተን ተሸክሞ ምሳህን አልሸከምም አለ?»

በማግስቱ ምስር ወጥ ቋጠሩልኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ኮረኮንቹ ላይ ስወጣ ክዳኑ ተከፈተ። ሥራ ቦታ ስደርስ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ያ የቄስ ልጅ አናጢው፣ ዞሮ ከኋላዬ አየኝና «ኑ እዩ፣ ሣህሉ ምሳውን ለብሶት መጣ!» ብሎ ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ በርበሬ ሲሸት ዋለ። ማታ ስነግርዎ ወጥተው የብስክሌቱን መጫኛ ይዘው ነቀነቁት። «ይኸማ እንደ በቅሎ ነው የሚያናጥረው። እሱ አይለወጥም፤ ወጡ ይልመድ» አሉ። ወጡም ለመደ። በፍስኩ ቀን የተጠበሰ ዓሣ፣ ረቡዕና ዓርብ ድፍን ምስርና ቆሎ፣ ሌላ ቀን ቀጥ ብሎ የሚቆም ሽሮ ይዤ መሄድ ጀመርሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልዘገየሁም።

ነገር ግን እየተራብሁ መመለሴ አልቀረም። አንድ ማታ ሦስተኛውን እንጀራ ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«የቋጠርሁልህን ማን በላው?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን እንዴት እበላለሁ? የሥራ ጓደኞቼን ‹እንብላ› ስላቸው እሺ አሉኝ።»

ሳቁብኝ። «ደሴ ‹እንብላ› ሲባል ምን ይባላል?»

«‹ብላ፣ ጤና ይስጥልኝ› ይባላል እንጂ።»

«እዚህም እንደዚያው ነው። እሺ ካሉማ ርቧቸዋል» አሉና ሳቁን ተዉት።

እኔ ግን የአገሩ ልማድ መስሎኝ ነበር። የባሕር ዳር ሰው «እንብላ» ሲሉት እጁን ታጥቦ የሚቀርብ፣ ካልቀረበም የሚያስቀይም መስሎኝ፣ በየቀኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጋብዝ ከርሜ ነበር። ሰዎቹ ምሳ ሳይዙ እንደሚውሉ አላስተዋልሁም።

እርስዎ ግን «አትጋብዝ» አላሉኝም። ከገበያ ባለ ሁለት ድርብ ምሳ ዕቃ ይዘው መጡ። «የላይኛውን ሳህን ክፈትና ‹እንብላ› በል። የታችኛው ያንተ ነው። እነሱ ሳይጠግቡ ግን እንዳትከፍተው፤ ሰው ያፍራል» አሉኝ። ጤፉ የእኔ ቢሆንም ሽሮው፣ ቅመሙና ድካሙ የእርስዎ ነበር። የሰዎቹን ስም እንኳ አልጠየቁም። የጠየቁኝ «ስንት ናቸው?» እና «ከመካከላቸው እስከ ዘጠኝ የሚጾም አለ?» ብለው ብቻ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምስ ስነግርዎ፣ በነዚያ ቀናት ለእሱ ቢቆይ የማይበላሽ ነገር በጨርቅ ለብቻ ይቋጥሩለት ጀመር። እሱም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጋዙን አስቀምጦ «እንግዲህ የእኔን እመቤት ምሳ አምጣ» ይለኝ ነበር።

ዓምደ ሚካኤል የሚባል ዝምተኛ ሰውም አለ፤ ወንበርና ጠረጴዛ የሚቀባው። ባለቤቱ ካቻምና ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና ቤቱ እሳት የሚያነድ አልነበረም። ከላይኛው ሳህን ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። አንድ ቀን እንኳ ጣፈጠኝ አላለም። ባለቤቱ ድናለች፤ ይህንንም ልነግርዎ እፈልጋለሁ።

አሁንም ሁለቱንም ሳህን እሞላለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ተክለ ጊዮርጊስ ሽሮዬን ቀምሶ «ሣህሉ፣ ይኼ ጾም ነው ወይስ ቅጣት?» አለኝ። ግን ጨረሰው።

ዛሬ ጠዋት የቤትዎን መታሸግ ስነግራቸው ሁለቱም ዕቃቸውን አስቀመጡ። በምሳ ሰዓት በሦስት ብስክሌት ድልድዩን ተሻግረን ቀበሌ ገባን። እነሱ በከተማው በሌላ ወገን ስለሚኖሩ ጓድ አምሐን የሚያውቋቸው አይደሉም። ጓድ አምሐ ከመነጽራቸው በላይ እያዩን ምን ፈልገን እንደመጣን ጠየቁ። ለእርስዎ ልንመሰክር ነው አልናቸው።

«ሴትዮዋን ታውቋቸዋላችሁ?»

ተክለ ጊዮርጊስ «በደንብ እንጂ!» አለ።

«መልካቸው ምን ይመስላል? ቀይ ናቸው ጥቁር?»

ተክለ ጊዮርጊስ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሦስት ዓመት ከእጅዎ ሲበሉ ኖረው አንዳቸውም አይተውዎት አያውቁም፤ ይዣቸው ልምጣ ብዬም አላውቅም።

«ቀይ ዳማ» አለ በመጨረሻ።

ጓድ አምሐ ሳቁ። «በዕጣ ነው የምትመሰክረው? ያላያችሁትን ሰው ነዋሪ ናቸው ብላችሁ ማን ይቀበላችኋል?»

ይህን ጊዜ ዓምደ ሚካኤል ባርኔጣውን አውልቆ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ።

«ጓድ፣ እኔ መልካቸውን አላውቅም። ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛችበት ክረምት ግን ከእሳቸው ቤት የሚመጣውን እየበላሁ ነው የሠራሁት። እሳቸውም እኔን አያውቁኝም። ማን እንደሆንሁ ሳይጠይቁ ክረምቱን ሙሉ አበሉኝ። እንዲህ ያሉ ሴት ወንድማቸው ታሞ ቢሄዱ፣ ጥለው ሄዱ ብሎ ቤታቸውን ለሌላ መስጠት ደግ አይደለም።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጓድ አምሐ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ማኅተሙን እኔ ብቻዬን አላነሣም። ለሌላ መስጠቱንም ብቻዬን አላደርገውም፤ ለነዋሪው ስብሰባ አቀርበዋለሁ» አሉ። መታወቂያዎን ይዘው በአካል ከቀረቡ ቤቱ የእርስዎ እንደሆነ ይቀጥላል ብለውናል። ካልቀረቡ ስብሰባው በምስክር ይወስናል። የእኛ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም። ስንወጣ ተክለ ጊዮርጊስ ቀስ ብሎ «ቀይ ዳማ ናቸው ወይስ አይደሉም?» አለኝ። ጠይም ነዎት አልሁት።

ምን እየጠየቅሁዎ እንደሆነ አውቃለሁ። መሪጌታን ትተው ይምጡ አልልም። ከቻሉ ግን ይዘዋቸው ይምጡ፤ ሆስፒታሉም እዚህ ነው። ከጎርጎራ የሚመለሰው ጀልባ ኀሙስ ደቅን ይነካል። ሦስታችንም ወደቡ ላይ እንጠብቃለን፤ ተክለ ጊዮርጊስ ቃሬዛ እየሠራ ነው። ማኅተሙ እስኪነሣ በእኔ ክፍል ታርፋላችሁ፤ እኔ ተክለ ጊዮርጊስ ዘንድ አድራለሁ። መንገዱ መሪጌታን የሚጎዳቸው ከሆነ ይቅሩ። ባይመጡም ስብሰባው ላይ ቆመን የምናውቀውን እንናገራለን።

እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ ኖሬያለሁ ማለት ይቻላል። ጠዋት ምሳ ዕቃውን ሲያቀብሉኝ አንድ እግሬ ፔዳል ላይ ሆኖ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ እርስዎም «ሂድ፣ ይረፍድብሃል» ይሉኛል፤ በዚሁ ያበቃል። ዛሬ ተቀምጬ፣ የሚረፍድብኝ ነገር ሳይኖር ልበለው። ከሥራዬ ሳልባረር የቆየሁት በእርስዎ ምሳ ነው። ዘመድ በሌለኝ ከተማ ሁለት ወዳጆች አሉኝ፤ እነሱንም ያገኘሁት በእርስዎ ሳህን ዙሪያ ተቀምጬ ነው። ትናንት ወረቀቱን በርዎ ላይ ሳይ ከራሴ ቤት የተባረርሁ ያህል ተሰማኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።

መሪጌታን «እግዜር ይማርዎ ይላል» ይበሉልኝ፤ እጅ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ ከነገ ወዲያ ለሚሄደው ጀልባ እሰጣለሁ። መምጣትዎን ወይም መቅረትዎን ኀሙስ ከጀልባው እንረዳለን። ስብሰባው እሑድ ኅዳር 19 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ ውሳኔውም የዚያኑ ዕለት ይነገራል።

አክባሪዎ፣
ሣህሉ