ወገቧ የተቀጠለ መርከብ

አናጢው ወንድሜ፣ ስልክ ስደውልልህ ስለሳቅህብኝ ይህን ካርድ ላክሁልህ። ገልብጠህ ሥዕሉን እይ፤ ያቺ ሰጥማ የቀረችው፣ ዕድሜ ልኬን ታሪኳን ሳነብ የኖርኩት መርከብ ናት።

ዛሬ ቅሪቷ ያለበትን ሙዚየም ስጎበኝ ዕቃ ጠባቂዋ ከባሕር የወጣውን የጎኗን ቁራጭ መጋዘን አስገብታ አሳየችኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ «የሰበራት ማዕበል ነው» ብዬ ሞገትኳት።

«አባባ፣ የዚያን ቀን ባሕሩ በሳህን እንዳለ ውሃ የረጋ ነበር» አለችኝ። «ብዙ ሰው እንድትጭን ብለው ወገቧን ቆርጠው አስረዘሟት። አሮጌውና አዲሱ ሳንቃ የተገናኙበትን ይዩ።»

አየሁ። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ሳንቃው አልተሰበረም፤ በዚያው መስመር ተላቆ ወጥቷል። እዚያው ሣጥን ላይ ተቀምጬ ደወልኩልህ።

ያንተንም ጀልባ ወገቧን ቆርጠህ ስትቀጥል ሳንቃዎቹን ሁሉ እኩል ቦታ ላይ ነው የጨረስካቸው። «የኛ ሐይቅ ማዕበል አያውቅም» ትላለህ። እኔን ያስፈራኝ እሱው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ደግሞ ልጅህ ሕፃኗን አዝላ ትሳፈራለች ብለኸኛል።

ግትር ሽማግሌ በለኝ፤ ነኝ። አንዱን ሳንቃ አስረዝመህ፣ አንዱን አሳጥረህ እንደገና እስክታጋጥማት ድረስ ጀልባዋን ውሃ አታስነካት።

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጅህንም ሳምልኝና ይህን ካርድ በእጇ ስጣት። አንተ ብትስቅ እሷ አትስቅም።